የተሰቀለው ጅባና የተለበሰው ነጠላ

(በጉብሬ ከተማ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተነገረ)



የጉባኤው አዘጋጆች «ልብስና የቤት ጌጥ ለስደተኛ መብትና ለባለአገር ሉዓላዊነት ድጋፍ መግለጫ ሊሆኑ ይችላሉን?» በሚል ርእስ ንግግር እንዳዘጋጅ በደብዳቤ ሲጠይቁኝ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ነገር መስሎኝ ጥቂት ቀናት ስሸሸው መቆየቴን አልደብቅም። መፈክር የታተመበት ካናቴራ ለብሶ አደባባይ መውጣት፣ በመስኮት ላይ ጽሑፍ ማንጠልጠል፣ ይህ ሁሉ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የተለመደ ነው። እኛ በልብስ ንድፍና በቤት ውበት ሙያ የተሰማራን ሰዎች ስለዚያ ምን እንናገራለን ብዬ ነበር። ጉባኤው ጉብሬ ላይ እንደሚሆን በሰማሁ ጊዜ ግን፣ ርእሱ ብዙ አገር ዞሮ ወደ ትውልድ ቀዬው የተመለሰ መንገደኛ ሆኖ ታየኝ።

እንደምታውቁት ጉብሬ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ይህ አካባቢ ለረዥም ዘመን ሰው ላኪ አገር ነበር። ወጣቱ እንደ ጠና መንገድ ይገባል፤ ቤት የሚቀሩት እናት፣ ሚስትና እንሰት ናቸው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ግን የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ሥራ በመጀመሩ፣ ከኢትዮጵያ ማዕዘን ሁሉ ሻንጣውን ያነገበ ወጣት ይገባባታል። ላኪዋ ተቀባይ ሆናለች። ስለዚህ ስደተኛ ማን ነው፣ ባለአገርስ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ለማንሣት ከዚህች ከተማ የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከቤቱ ልጀምር። የጉራጌን ባህላዊ ቤት ሁላችሁም በፎቶግራፍም ቢሆን ታውቁታላችሁ፤ ክብ ነው፣ ክዳኑ ሣር ነው፣ መካከሉ ላይ ምሰሶ ቆሞ ጣሪያውን ይሸከማል። በባህላዊው አሠራር ሚስማር አይነካውም። መስቀል ሲቃረብ ሴቶቹ ግድግዳውንና ወለሉን ይለቀልቃሉ፤ ጣባው ታጥቦ፣ ሰፌዱና ቅሉ ተወልውሎ በየቦታው ይሰቀላል። አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እፈልጋለሁ። በዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕቃ ሁሉ ለሥራ የሚወርድ ዕቃ ነው። ክትፎ የሚቀርብበት ጣባ ከበዓሉ በኋላ ታጥቦ ተመልሶ ይሰቀላል። ጌጡ ከሥራው አልተለየም። ጅባው ደግሞ ከእንሰት የተሠራ ምንጣፍ ነውና ከመሬት ላይ ነው፤ ይቀመጡበታል፣ ይተኙበታል።

ከደጅ ሲወጡ ጀፎረው አለ። በቤቶች ረድፍ መካከል የተዘረጋው ያ ሰፊ ሣራማ አውራ መንገድ ሠርግ የሚደምቅበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ልጆች የሚቦርቁበት የጋራ ቦታ ነው። አጥሩን ወደ ጀፎረው የሚገፋ ሰው በባህላዊው ሕግ ይጠየቃል። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች በየጆካ ተሰብስበው ያጸኑት ሥርዐት፣ ቅጫ የሚባለው፣ ከማንኛውም የከተማ ፕላን መሥሪያ ቤት በፊት የጋራ መሬትን ሲጠብቅ ኖሯል። እኔ በበኩሌ ሉዓላዊነት የሚባለውን ከባድ ቃል በሥዕል አሳይ ብባል፣ ከሰንደቅ ዓላማ በፊት የምሥለው ማንም ያላጠረውን ያን ሣር ነው።

ነገር ግን ይህን ቤት ማን ሠራው? እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት አለብኝ፤ ምክንያቱም ስለ ባለአገር መብት ስንናገር እኛው ቤት ውስጥ ያለውን ዘለን ወደ ሩቅ የምናይ ከሆነ ንግግራችን ክብደት አይኖረውም። ምሰሶውን የሚያቆሙት፣ እንጨቱን የሚጠርቡት ባለሙያዎች «ፉጋ» ይባሉ የነበሩት ወገኖቻችን ናቸው። ስሙን ዛሬ እንደ ስድብ የሚሰሙት አሉና ስጠቅሰው በጥንቃቄ ነው። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ሁኔታቸውን በዝርዝር ገልጾታል። መሬት አይዙም፣ እንሰት አይተክሉም፣ ከሌላው ጋር አይጋቡም፤ ያለ ፈቃድም ወደ ሰው ግቢ አይገቡም ነበር። እጃቸው ያቆመው ቤት እግራቸውን አይቀበልም ማለት ነው። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ባለ መንደር ከአንድ ሸምገል ያሉ አናጢ ጋር ተቀምጬ ስጫወት፣ «አባቴ፣ በሠሩት ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ተጋብዘው በልተዋል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጥቂት ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ምሰሶው ከቆመ ወዲያ እኔን ማን ያስታውሰኛል» አሉኝ። ምሬት በድምፃቸው ውስጥ አልሰማሁም፤ የከበደኝም ይኸው ነው።

የጉራጌ ሰው ራሱ ደግሞ በተራው እጁ ተፈልጎ እግሩ የማይፈለግበት ቦታ ደረሰው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አካባቢው በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ግብር በገንዘብ እንዲከፈል ሆነ። እንሰት ቤተ ሰብ ይመግባል እንጂ ብር አያወጣም። ብሩ የነበረው በአዲስ አበባ ነበርና ወጣቱ ወደዚያ ወረደ፤ ድንጋይ ፈለጠ፣ ሸክም ተሸከመ፣ ጫማ ጠረገ፣ በኋላም ሱቅ በደረቴ ያዘ። በከተማው አፍ «ጉራጌ» ማለት የአንድ ሕዝብ ስም መሆኑ ቀርቶ ተሸካሚ ማለት ሆኖ ነበር። ዕቃ የያዘች እመቤት መንገድ ዳር ቆማ «ና አንተ ጉራጌ!» ብላ ስትጣራ ማንንም የሰደበች አይመስላትም ነበር።

አባቴ ከእነዚያ አንዱ ነበረ። የሥራ ልብሱ ጆንያ ነው፤ አንዱን ማዕዘን ወደ ውስጥ አስገብቶ ከራሱ እስከ ወገቡ ያጠልቀዋል፤ ዝናብም ይከላከልለታል፣ ሸክሙም ትከሻውን አይልጠውም። በአንድ ወቅት ወረቀት ለማስጻፍ አንድ ቢሮ ገብቶ የትውልድ አገሩን ሲጠይቁት ሌላ አገር ጠርቶ እንደ ወጣ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ ነገረኝ። ልብሱን ለወጠ፣ ስሙን አሳጠረ፣ አነጋገሩን አረመ። ይህ ሁሉ ለከተማው ነው። ለመስቀል ግን ሳንዱቁን ይከፍትና ዓመቱን ሙሉ ያልተነካውን ነጭ ጋቢ ያወጣል፤ ለእናቱ ቀሚስና ሻሽ፣ ለእኅቶቹ ጫማ ይቋጥራል። በኋላ እንደ ተረዳሁት ያ ጋቢ ለብርድ አልነበረም። ጀፎረው ላይ ሲደርስ ሰው መሆኑን የሚያስመሰክርበት ወረቀቱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምፀት አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ ፋሽስቶች አዲስ አበባን በዘር ከፍለው ነጮቹን በአንድ ወገን፣ ኢትዮጵያውያንን በሌላ ወገን ለማስፈር ሲያቅዱ፣ በምዕራብ በኩል የተቋቋመውን ገበያ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት፤ የአገሬው ገበያ ማለት ነው። በኋላ ዘመን ያንን ገበያ በብዛት የያዘው ደግሞ ከሰባት ቤት፣ ከስልጤ፣ ከሶዶና ከመስቃን የመጣው ስደተኛ ነው። ባዕዱ ለመናቅ «አገሬ» ያለውን፣ የአገሩ ከተሜ ደግሞ «መጤ» ይለው ነበር። ለአንድ ሰው ሁለቱም ስድብ ሆነው በአንድ ቀን ሊደርሱት ይችሉ ነበር።

ይህ ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ቦንዳ ሰልባጅ ፈትቶ ሸጠ፤ በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ ዞሮ አሮጌ ልብስ በኩባያና በሳሕን ለወጠ። የአዲስ አበባ ድሀ ሕዝብ ለብዙ ዓመታት የለበሰው በዚህ ስደተኛ እጅ ያለፈውን ጨርቅ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ ከዚሁ ገንዘብ አዋጥቶ ወደ ትውልድ አገሩ የሚወስደውን መንገድ ማሠራት ጀመረ። መንግሥት ያልዘረጋውን መንገድ ስደተኛው ዘረጋ። 

ወደ ሙያችን ልመለስ። ስደተኛው አንገቱን ቀና ማድረግ በጀመረ ጊዜ ምልክቱ የታየው በልብስ ሳይሆን በቤት ጌጥ ነበር፤ በክትፎ ቤት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የክትፎ ቤት ገብታችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ። ጣባው፣ የቀንዱ ማንኪያ፣ አይቤው፣ ቆጮው እንዳሉ ናቸው። ጅባው ግን ከመሬት ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ወጥቷል፤ አንዳንድ ቦታም ጣሪያ ሆኗል። ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ይህን አይተው «የተበላሸ ባህል ነው፤ ጅባ ይነጠፋል እንጂ አይሰቀልም» ሲሉ ሰምቻለሁ። አልስማማም። አባቱ ስሙን ደብቆ ወረቀት ያስጻፈ ሰው፣ እናቱ የምትተኛበትን ምንጣፍ በዋና ከተማው መካከል በዐይን ደረጃ ሲሰቅለው፣ ያ ጌጥ ብቻ አይደለም። «ከየት እንደ መጣሁ ትጠይቁኝ ነበር፤ እነሆ» ማለቱ ነው። መፈክር አልጻፈበትም፤ መጻፍም አላስፈለገው።

ነጠላችንም እንደዚሁ ያለ ቃል ይናገራል። ለቤተ ክርስቲያን ሲያጣፉት አንድ ነው፣ ለለቅሶ ሲያዘቀዝቁት ሌላ ነው፤ ሰው አፉን ሳይከፍት ሐዘኑን ያውቁለታል። ወገን ለወገኑ ድጋፉን በልብስ የመግለጥ ልማድ ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም ማለት ነው። በኅዳር 2006 ዓ.ም. በሳዑዲ ዐረቢያ በኢትዮጵያውያን ላይ የደረሰው ግፍ በተሰማ ጊዜ፣ በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች ያሉ ኢትዮጵያውያን ሰንደቅ ዓላማ ተከናንበው በሳዑዲ ኤምባሲዎች ፊት ተሰልፈዋል። አዲስ አበባ ላይ የተሞከረው ሰልፍ ግን በፖሊስ ተበተነ። በዚያ ዓመት ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን ወደ አገር ተመለሱ፤ ብዙዎቹ ይዘው የገቡት የለበሱትን ብቻ ነበር።

ከዓለሙ ሦስት ነገሮች ብቻ ልጥቀስ። የመጀመሪያው የጉና ሕዝብ ነው። በፓናማ የባሕር ጠረፍ ደሴቶች የሚኖሩት ጉናዎች ሴቶቻቸው ሞላ የሚባል፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተደራርቦ ተቀድዶ የሚሰፋ ሸሚዝ ይለብሳሉ። የፓናማ መንግሥት «ሥልጣኔ» ሊያስገባላቸው ፈልጎ ሸሚዙንና የአፍንጫውን ቀለበት በፖሊስ ማስወለቅ ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1925 ተነሡበት። ከዚያ አመፅ በኋላ በሂደት የራሳቸውን ግዛት የማስተዳደር መብት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ፓናማ የነባር ሕዝቦችን የእጅ ጥበብ የጋራ ንብረታቸው አድርጎ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። አንድ ሸሚዝ የግዛት ወሰን ያስከበረበት ሌላ ምሳሌ እምብዛም አላውቅም።

ሁለተኛው የአውስትራሊያ ነው፤ ለእኛ ሙያ የሚያስተምረውም ይበልጥ ይህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃሮልድ ቶማስ የተባለው ከነባሩ ሕዝብ የተወለደ ሠዓሊ ላዩ ጥቁር፣ ታቹ ቀይ፣ መካከሉ ቢጫ ክብ የሆነ ባንዲራ ነደፈ። ሕዝቡ የራሱ አድርጎ ለበሰው፣ ቤቱ ላይ ሰቀለው። የንድፉ መብት ግን በሕግ የነዳፊው ነበርና፣ ባንዲራውን በልብስ ላይ የማተም ብቸኛ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአንድ ልብስ ነጋዴ ኩባንያ ተሰጠ። ኩባንያውም የነባሩ ሕዝብ ድርጅቶች የራሳቸውን ምልክት በካናቴራ ላይ ሲያትሙ «ያለ ፈቃድ ነው» የሚል ደብዳቤ ይጽፍላቸው ጀመር። የሕዝብ ዓርማ የሱቅ ዕቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የአውስትራሊያ መንግሥት ከ20 ሚሊዮን በሚበልጥ የአገሩ ዶላር መብቱን ገዝቶ ለሁሉም ነጻ አደረገው። ነዳፊው በድካሙ ዋጋ ማግኘቱ ትክክል ነው፤ ሕዝቡም ምልክቱን መልበሱ ትክክል ነው። ሁለቱ ትክክሎች እንዲጋጩ ያደረጋቸው ውሉ ነው፤ ውል ደግሞ እኛ ባለሙያዎች በየቀኑ ሳናነብ የምንፈርመው ነገር ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደይ ወራት በአሜሪካ የስደተኞችን መብት ለመጠየቅ ብዙ መቶ ሺሕ ሰዎች ሲሰለፉ፣ አዘጋጆቹ ሰልፈኛው ነጭ እንዲለብስ ጠየቁ፤ ሰላማዊነታቸውን ለማሳየት። በሎስ አንጀለስ አደባባዮች ነጭ የለበሰው ሕዝብ ፎቶግራፍ ሲታይ፣ ለኛ ዐይን የጥምቀት ምእመን ይመስላል። ያም ልብስ በአብዛኛው የየቤታቸው ልብስ እንጂ ለሰልፉ ተሠርቶ የተሸጠ አልነበረም።

ወደ አገራችን ስመለስ የሚያሳስበኝ ይህ የመሸጡ ነገር ነው። የአገር ልብስ የምንለውን የሚሸምነው ማን ነው? አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ፣ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ ማግ የሚወረውረው አብዛኛው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጣ ስደተኛ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪውን የሚሳደብ ሰው እንደሚቀጣ ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ግን ከዐዋጁ ዕድሜ ይልቅ ረዘመ። ዛሬ ደግሞ ጥለቱ ያልተሸመነ፣ በማሽን የታተመ ጨርቅ ከባሕር ማዶ በጥቅል እየገባ በርካሽ ይሸጣል። በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በዓል ሲከበር «ባህላዊ ልብስ» ተብሎ መድረክ ላይ ከሚታየው ስንቱ በሸማኔ እጅ እንዳለፈ የሚጠይቅ የለም። በዓሉ ሕዝብ ራሱን በራሱ የማስተዳደር መብቱን የሚያስብበት ነው። መብቱ በታተመ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀርብ ሳይ፣ በሙያዬ አፍራለሁ።

ስለ መድረኩ ልብስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዋናው ጉዳይ ወጣ ያለ ቢሆንም። በየቴያትር ቤቱ «የጉራጌ ልብስ» ተብሎ የሚታወቀው፣ ጭፈራው ሲመጣ ተለብሶ የሚወጣው፣ አያቴ ከለበሰችው ጋር የሚመሳሰለው በጥቂቱ ነው። ነገር ግን የእኅቴ ልጆች ለሠርጋቸው የሚያሰፉት እርሱኑ ነው። መድረኩ የፈጠረውን ሕዝቡ ከተቀበለው ሐሰት ነው ማለት ያስቸግረኛል። ይህን ለክርክር እተወዋለሁ።

በዚህ ዞን ያለፉት ዓመታት ጸጥ ያሉ አልነበሩም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የዞኑ ምክር ቤት ጉራጌ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ወሰነ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጥያቄው ሳይመለስ በቀረ ጊዜ ወልቂጤ ላይ ሱቆች ተዘግተው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ዋለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ዞኑ በዚያ ውስጥ ተካተተ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። በዚህ መካከል ማን ትክክል እንደ ነበረ መፍረድ የማኅበራችን ሥራ አይደለም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አንድ ዐይነት አሳብ ያለን አይመስለኝም። የሚመለከተን ይህ ነው፦ ሕዝብ ስለ ራሱ አስተዳደር በሚከራከርበት ወቅት የሕዝቡ ምልክት ገበያው ይደምቃል። ትናንት ማንም ያልጠየቀው ጅባ ዛሬ ለእንግዳ መቀበያ፣ ለቢሮ፣ ለሆቴል ይፈለጋል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በጉባኤው ፊት ውሳኔ የሚጠብቅ አንድ ጥያቄ እንዳለ ታውቃላችሁ። ስሙን ዛሬ የማልጠቅሰው ድርጅት፣ አንድ ትልቅ የእንግዳ አዳራሽ በጉራጌ ቤት አምሳል እንድንነድፍለትና ለሠራተኞቹም የደንብ ልብስ እንድናዘጋጅለት ጠይቆናል። ክፍያው ለማኅበራችን ጥሩ ነው፤ ገንዘብ ያዣችን ሲያነቡት ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። የሥራ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምሰሶው ኮንክሪት ሆኖ እንጨት እንዲመስል ይቀባል፤ ጥለቱ የታተመ ይሆናል፤ ጅባው ግን «እውነተኛ» እንዲሆን ተጽፏል፤ ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ መሰለኝ። የአናጢው ስም የትም የለም። የሸማኔውም የለም። ጅባውን የምትሠራው ሴት ደግሞ «የአካባቢ ጥሬ ዕቃ» በሚለው ሥር ገብታለች።

ሥራውን እንተወው አልልም። ብንተወው ሌላው ይወስደዋል፤ ለወጣት አባሎቻችንም እንጀራ ነው። የማቀርበው አሳብ ውሉ እንደገና እንዲጻፍ ነው። ምሰሶው እንጨት ይሁን፤ የሚያቆመው ባለሙያም ውሉ ላይ እንደ እኛ እንደ ነዳፊዎቹ በስሙ ይፈርም፤ ድርሻውም በመቶኛ ይነገር። ጨርቁ ከሽሮ ሜዳ ወይም ከዚሁ ከወልቂጤ ሸማኔዎች በሥራ ትእዛዝ ይገዛ። ጅባውን ከመንደር ሴቶች የምንገዛው በገበያ ቀን በሚገኘው ዋጋ ሳይሆን አስቀድሞ በተስማማነው ይሁን። አዳራሹ ሲመረቅ ደግሞ የሠሩት ሰዎች ሁሉ፣ በተለይም ምሰሶውን ያቆሙት፣ በመጀመሪያው ማዕድ ላይ ይቀመጡ። ድርጅቱ በዚህ የማይስማማ ከሆነ ንድፉን እንዲመልስልን እንጠይቅ። ይህ ማኅበራችንን ገንዘብ እንደሚያሳጣው አውቃለሁ፤ ምን ያህል እንደሚያሳጣው የሒሳብ ክፍሉ አስልቶ ለነገው ስብሰባ ያቀርባል።

ከሰዓት በኋላ ለጉብኝት ስንወጣ፣ ቅድም ያነሣኋቸው አናጢ ለአንድ ለተመለሰ ልጅ አዲስ ቤት ምሰሶ የሚያቆሙበትን ቦታ እናያለን። ባለቤቱ ከሃያ ዓመት የመርካቶ ኑሮ በኋላ ነው የመጣው። ምሰሶው ሲቆም ብዙ ክንድ ያስፈልጋልና፣ የምትችሉ ሙሉ ልብሳችሁን አውልቃችሁ እንድታግዟቸው አደራ እላለሁ።